መኪና ተከራይቶ የቲሮልን ሸለቆዎች ስለ መጎብኘት

በአውስትሪያ አገር፣ ኢን የተባለው ወንዝ በአልፕ ተራሮች መካከል ባበጀው ሸለቆ ውስጥ የተመሠረተችው የቲሮል ዋና ከተማ ኢንስብሩክ፣ እርስዋ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ 574 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ ሳለ የኖርድኬቴ ተራሮች ግን ከሰሜን ጠርዝዋ ተነሥተው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚዘልቁ፣ ከባቡር ወርዶ ቀና ብሎ የተመለከተ እንግዳ ሁሉ በመጀመሪያ የሚመኘው መኪና ተከራይቶ በተራሮቹ መካከል መዘዋወርን ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን መኪናው የሚጠቅመው ከከተማው ለመውጣት እንጂ ከተማውን ለማየት ስላልሆነ፣ አስተዋይ መንገደኛ ከተማውን በእግሩ ተመላልሶ ከፈጸመ በኋላ፣ ወደ ሸለቆዎቹ በሚነሣበት ጧት ብቻ ቁልፉን ይቀበላል። ጥንታዊው ሰፈር ለእግረኛ የተለየ ነው፤ በዙሪያው ያለው የመኪና ማቆሚያም በሰዓት የተወሰነና ገንዘብ የሚከፈልበት ነው፤ ወደ ኖርድኬቴ ራስ ለመውጣት እንኳ ከመካከለኛው ከተማ የሚነሣ ባቡርና ከእርሱ የሚቀጥል ኬብል ካር አለ።

በእግር ከሚታየው ውስጥ በ2,657 የተለበጡ የመዳብ ክዳኖች የተሸፈነውን ወርቃማ ጣሪያ ፎቶግራፉ በየቦታው ስላለ አልፈዋለሁ። 28 ታላላቅ የነሐስ ምስሎች ቆመው የሚጠብቁትን የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ማክሲሚልያንን መካነ መቃብር ግን፣ ሥጋው በዚያ አለመኖሩን፣ በሩቁ በቪነር ኖይሽታት ከተማ ማረፉን አውቆ የሚመለከተው ሰው ይበልጥ ይደነቅበታል። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው በማሪያ ቴሬዛ ጎዳና ጫፍ የቆመው የድል በር ነው። በ1765 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ የልጅዋን የሌኦፖልድን ሥርዓተ ተክሊል ለማክበር ከባልዋ ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ፍራንሲስ ጋር ወደ ኢንስብሩክ በመጣች ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሠርጉ ሰሞን፣ በኦገስት 18 ቀን በድንገት ስላረፈ፣ የበሩ አንደኛው ፊት የሠርጉን ደስታ፣ ሁለተኛው ፊት የሞቱን ሐዘን እንዲናገር ሆኖ ተሠራ። ንግሥቲቱም ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞትዋ የመበለትነት ልብስዋን አላወለቀችም፤ አባቶቻችን ቡና የሸጡበትና በቅሎ የገዙበት፣ የሞተችበት የ1780 ዓመት የተቀረጸበት ጠገራ ብር የሚያሳየው ያ በሻሽ የተሸፈነ ፊትዋ፣ በዚህች ከተማ የጀመረው የሐዘን ፊት ነው።

ወደ ኪራዩ ነገር እንመለስ። አከራዩ የሚጠይቀው መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርትና በነጂው ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ሲሆን፣ ፈቃዱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ እንደ ሆነ ዓለም አቀፉን የመንጃ ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ ይገባል። በካርዱ ላይ የሚታገደው የመያዣ ገንዘብ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ከዚህ ይልቅ ሊያስደነግጥ የሚገባው ግን ኢንሹራንስ ያለው መኪና እንኳ ቢጎዳ ተከራዩ ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ድርሻ ነው፤ መጠኑ በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛልና፣ ከመፈረም በፊት ጠይቆ መረዳት፣ በመኪናው አካል ላይ ያለውንም ጭረት ሁሉ በፎቶግራፍ ማስቀረት ዕፍረት የለበትም። የኢጣሊያ ድንበር ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ስለሚገኝ፣ ለመሻገር ያሰበ ሰው ይህንኑ በውሉ ያስጽፍ። ፈጣኑ መንገድ ቪኜት የተባለውን የመንገድ ክፍያ ምልክት ይጠይቃል፤ በአውስትሪያ የተከራዩት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ይኖረዋል፤ ከጀርመን ይዘውት የመጡት ግን ላይኖረው ይችላል። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ አንጸባራቂ ሰደርያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን በመኪናው ውስጥ መኖራቸውን ሕጉ ያዝዛል። ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜም መንገዱ በበረዶ ከተሸፈነ ያለ ክረምት ጎማ መንዳት ክልክል ነው።

ስለ አነዳዱ፣ ሊማሊሞን ወይም የዓባይን በረሃ የወረደ ሹፌር ከእኛ የሚማረው ጥቂት ነው፤ በቁልቁለት ፍሬን ረግጦ ማቃጠልን ትቶ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በሞተር ኃይል መያዝን ያውቃልና። ከዚርል መንደር በላይ ያለው ዳገት፣ በመቶ 16 ያህል የሚያዘቀዝቅ ስለ ሆነ፣ ፍሬናቸው እንቢ ላላቸው መኪናዎች መውጫ የሚሆኑ የአሸዋ መንገዶች በዳሩ ተሠርተውለታል። ለእኛ ሰው እንግዳ የሚሆንበት ሌላ ልማድ ነው፦ በፈጣኑ መንገድ ላይ መኪናዎች በተጨናነቁ ጊዜ፣ አምቡላንስ ባይታይም እንኳ፣ የግራው ተርታ ወደ ግራ፣ የቀሩት ወደ ቀኝ ተጠግተው መካከሉን ባዶ መተው ግዴታ ነው።

ከቦታዎቹ የቀረበችው ወደ ምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሃል ናት። የሽቫትስ ማዕድን ብር ወደዚህች ከተማ እየመጣ፣ በ1486 ዓ.ም. በአርሽዱክ ሲጊስሙንድ ዘመን የመጀመሪያው ከባድ የብር ገንዘብ የተመታው በዚህ ስለ ሆነ፣ የጠገራ ብር የትውልድ ሐረግ የሚቆጠረው ከዚህ ነው። ወደ ደቡብ የሚወስደው የብሬነር መንገድ፣ በ1963 ዓ.ም. በተፈጸመውና ከሸለቆው በላይ 190 ሜትር ያህል በሚንሳፈፈው የአውሮፓ ድልድይ ላይ ያልፋል፤ ቪኜት የማይሸፍነው ልዩ ክፍያም አለበት። ነገር ግን በድልድዩ ላይ የሚነዳ ሰው የድልድዩን ግርማ ከቶ አያየውም፤ ግርማውን የሚሻ፣ ከበታቹ በሚያልፈው አሮጌው መንገድ ቀስ ብሎ ይሂድ።

አንድ ቀን ብቻ ላለው መንገደኛ የምመርጥለት ግን ወደ ምዕራብ የሚዞረውን ጉዞ ነው፦ በዜልራይን ሸለቆ እየወጣ፣ ከብቶች በበጋ በነጻ በሚሰማሩበት መስክ መካከል 2,000 ሜትር አልፎ ኩህታይ ከደረሰ በኋላ፣ በማዶ በኩል ወደ ኦትስ ወርዶ፣ በመመለሻው የቲሮል መሳፍንት ያረፉበትን፣ በ1273 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሲስተርሲያን መነኮሳት ገዳም በሽታምስ ይሳለማል። ከዚያ ወደ ኢንስብሩክ የሚመልሰው ፈጣን መንገድ ስለ አየሩ ንጽሕና ሲባል ፍጥነቱ በ100 ኪሎ ሜትር ተገድቧል፤ የአገሩ ሕግ በሌላው ስፍራ 130 ስለሚፈቅድ ብዙ እንግዳ በዚህ ይቀጣል። መኪናውን ከማስረከብ በፊት ነዳጁን በከተማው ማደያ መሙላት ይገባል፤ አከራዩ ራሱ ሲሞላው ዋጋው ይከብዳልና።