የሐይቁ ዳር የማን ነው?

የዋግን ሰው ስለ ተራራ፣ ስለ ገደልና ስለ ድርቅ ቢጠይቁት ከአባቶቹ የወረሰው ብዙ ዕውቀት አለው። ስለ ሐይቅ ዳር አያያዝ ግን የወረሰው ልማድ የለም፤ ሐይቁ ራሱ የትናንት ልጅ ነውና። ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር፣ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ ጥልቁን ሸለቆ ሞላው። በዚህም ምክንያት ከሰቆጣ ደጋ ወረድ ብለው የሚገኙት የዝቋላና የአበርገሌ ቆላዎች የሐይቅ ዳር አገር ሆኑ። ፍየል ማርባትና ማረሻ ብቻ ያውቅ የነበረው ወጣትም መረብ መጣል ተማረ።

እንግዲህ የዚህ አዲስ ሐይቅ ዳር ምን ይደረግበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ነገር የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው።

ግድቡ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ በመሆኑ ውኃው በክረምት ይሞላል፤ በበጋ እየጎደለ ይሸሻል። የሸሸበት መሬት እርጥብ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት አገር የሚኖር ገበሬ እርጥብ መሬት አይቶ ቢጓጓ አይፈረድበትም። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ከቀዬው የተፈናቀለው ሰው ደግሞ ተመልሶ ኑሮውን ሲጀምር የበለጠ ይጓጓል።

ይሁን እንጂ ያ እርጥብ መሬት ባለቤት የሌለው ትርፍ መሬት አይደለም። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው የዳር ውኃ ውስጥ ነው። አምባዛም ክረምት ሲገባ ውኃ ወደ ሸፈነው ሣር ወጥቶ ዕንቁላሉን ይጥላል። ዳሩ ሲታረስ ሣሩ ይጠፋል፤ የላላው አፈር በሚቀጥለው ክረምት ታጥቦ ደለል ይሆናል። አንድ ኩንታል እህል ለማግኘት ሲባል የዓመት ዓሣ ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለውን መሆን ነው።

ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣና ዙሪያ ባሕር ሸሽ እየተባለ የሚጠራው መሬት ሲታረስ፣ ደንገሉም ሲመነጠር፣ ከእርሻው የሚወርደውን አፈርና ማዳበሪያ የሚያጣራው አጥር አብሮ ፈረሰ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ በዚህ በጠገበ ውኃ ላይ ተንሰራፋ፤ ሕዝቡም በእጁ ለመንቀል ተገደደ። በዚያው በጣና ላይ ግን የዘጌ ልሳነ ምድር አለ። በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በዚያ በበሬ ማረስ ክልክል ሆኖ በመኖሩ፣ ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ደኑን እስከ ዛሬ አቆይቷል። ሁለቱም የአንድ ሐይቅ ዳር ናቸው፤ የለያያቸው ልማድ ነው።

ሕግም አልጠፋም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የውኃ አካላት ዳርቻ እንዲከለል፣ በክልሉም ውስጥ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። ለተከዜ የሚያሻው አዋጁን ወደ መሬት ማውረድ ነው። በመጀመሪያ፣ ልኩ የሚጀመረው ውኃው በበጋ ከሚያርፍበት ሳይሆን በክረምት ከሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጠባብ መቀነት ለሣርና ለዛፍ ይተው፤ በገደላማው ሥፍራ የበቀለው የዕጣን ዛፍም ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ ከብቱና ፍየሉ ውኃ የሚጠጡበትና ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ተለይቶ ይታወቅ። አራተኛውና ዋናው፣ መቀነቱን የሚጠብቀው ሰው ሣሩን አጭዶ ይውሰድ፤ በዓሣውም ቅድሚያ ያግኝ። ጥቅሙን ያላየ ሰው ጠባቂ ሊሆን አይችልምና።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም። የሐይቁ ዳር የሚጀምረው ከሐይቁ ዳር አይደለም። ከደጋው ተዳፋት ላይ እርከን ሲፈርስና ቁጥቋጦ ሲመነጠር፣ አፈሩ በጅረቶቹ ተሳፍሮ ተከዜ ይገባል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደ ተባለው፣ ደለሉ ዛሬ ባይታይም ነገ የሐይቁን ሆድ ይሞላል።

እናንተ በትምህርት ላይ ያላችሁና አዲስ ሹመት የያዛችሁ ወጣቶች፣ የጣናን ዳር ለማስተካከል የተዘረጋ እርሻ መነቅነቅ፣ ከገበሬም ጋር መሟገት ግድ ሆኗል። ተከዜ ግን ገና ለጋ ነው። ችካሉን ማረሻው ከመድረሱ በፊት የተከለ ሹም በኋላ ማንንም ማፈናቀል አያስፈልገውም።