የተለገሰ መሣሪያና የአረጋውያን ልብ



በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ በሰፈራችን ብዙ ያነጋገረ ነው። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ውሃ ሊቀዱ ተሰልፈው ሳለ በድንገት ተዝለፍልፈው ወደቁ። አንዳንዶቻችን ረሀብ ነው አልን፣ ሌሎቻችን ሙቀት ነው አልን። የካኩማን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው፤ ተነሡ። በሳምንቱ ግን እቤታቸው ውስጥ እንደገና ወደቁ። ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሷ የእጃቸውን የደም ሥር ትርታ ብትቆጥረው በደቂቃ 34 ብቻ ሆኖ አገኘችው።

የጤናማ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ልብ የሚመታው ከራሱ በሚመነጭ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ይህ ኃይል ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፍበት መስመር አለው። ዕድሜ ሲገፋ መስመሩ ይጎዳና መልእክቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሹን ይቋረጣል። ያን ጊዜ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የሚዋጥ ክኒን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። መድኃኒቱ ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ ነው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ፣ ባትሪ ያለው ዕቃ ሆኖ ከደረት ቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ከእሱም ቀጭን ሽቦ በደም ሥር በኩል እስከ ልብ ይዘልቃል።

ችግሩ ዋጋው ነው። በብዙ ድሃ አገሮች የአንዱ አዲስ መሣሪያ ዋጋ ከአንድ ሠራተኛ የዓመት ገቢ ይበልጣል። ልግስና የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው ሃርትቢት ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት አዳዲስ ፔስሜከሮችን ከአምራቾች በስጦታ እየተቀበለ፣ በሮታሪ ክበቦች እርዳታ መክፈል ለማይችሉ ሕሙማን ሲያደርስ ቆይቷል። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። በዚያ አገር አስከሬን የሚቃጠልበት ልማድ አለ፤ ባትሪው በእሳት ስለሚፈነዳ ፔስሜከሩ አስቀድሞ ይወጣል። ቤተሰብ ከፈቀደ መሣሪያው ተመርምሮ፣ ባትሪው በቂ ዕድሜ የቀረው እንደሆነ ታይቶ፣ ከጀርም ጸድቶ ለሌላ አገር ሕመምተኛ ይዘጋጃል።

ይህን ስንሰማ ከመካከላችን “የሞተ ሰው ዕቃ በደረቴ አላስቀብርም” ያሉ ነበሩ። ስሜቱ ይገባናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነና ኬንያን ጨምሮ በሰባት አገሮች ወደ 300 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ እንዲህ ታድሰው የተተከሉት መሣሪያዎች በደኅንነት ከአዲሶቹ የማያንሱ መሆናቸውን አሳይቷል።

የጎረቤታችን መሣሪያም በስጦታ የተገኘ ነበር። ከካምፕ ውጭ የሚሰጥ ውድ ሕክምና በኮሚቴ ታይቶ የሚወሰን በመሆኑ (የመዳን ተስፋውና ወጪው ይመዘናል) ጥቂት ጊዜ ወስዷል። የመሣሪያው መገኘት ግን ብቻውን በቂ አልነበረም። ሽማግሌው ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ ልጃቸው አብራ መሄድ ነበረባት፤ ለእሷም የመንቀሳቀሻ ወረቀት፣ የአውቶቡስ ገንዘብና የማደሪያ ወጪ ያስፈልጋት ነበር። ይህን ያሟላው የሰፈራችን መዋጮ ነው። ሻይ ቤት ያላቸው ጥሬ ገንዘብ፣ የሌላቸው ከራሽናቸው ዘይትና ዱቄት አዋጡ።

ስህተታችንን ግን መደበቅ አይገባንም። አዛውንቱ ድነው ሲመለሱ ቡና ተፈላ፣ ምርቃት ወረደ፣ መዋጮውም በዚያው ቆመ። ፔስሜከር ግን አንዴ ተተክሎ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። በየጊዜው መታየት አለበት፤ ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ሲደክም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለለት ሰው፣ አርነ ላርሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በ86 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ 26 መሣሪያዎች ተለዋውጠውለታል። እኛ ይህን ስላላወቅን የጎረቤታችን የመጀመሪያ ቀጠሮ በመሳፈሪያ እጦት አለፈ። የተለገሰው ውድ መሣሪያ በአውቶቡስ ዋጋ ምክንያት ሳይታይ ከረመ ማለት ነው። እድራችን ለለቅሶ ድንኳንና ቡና ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ለታማሚ ቀጠሮ ግን በደንቡ የተጻፈ ነገር አልነበረውም። አሁን ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂቱ ለዚሁ እንዲቀመጥ ተስማምተናል፤ ተከራክረንበትም ነው እንጂ በቀላሉ አልሆነም።

እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ያለ ምክንያት ራሳቸውን ቢስቱ፣ ቢያዞራቸው ወይም ጥቂት ተራምደው ቢደክሙ ትርታቸውን ቁጠሩ። ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በኩል አድርጋችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ በሰዓት ያዙ። ከ50 በታች ከሆነ ቁጥሩን ጽፋችሁ ዕለቱን ክሊኒክ ውሰዷቸው። ራሳቸውን የሳቱ እንደሆነ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሳትዘገዩ ውሰዷቸው። የሚወስዱት የደም ግፊት ክኒን ካለ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ትርታን የሚያዘገዩ ክኒኖች ስላሉ ሐኪሙ ማየት ይኖርበታል። በራሳችሁ ግን አታስቁሟቸው።

የጎረቤታችን ቀጣይ ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነው። የመሳፈሪያቸው ገንዘብ ከወዲሁ በእድሩ ገንዘብ ያዥ እጅ ይገኛል።