በሩ ክፍት ነው፤ ቤቱ ግን ባለቤት አለው

ስለ ክፍት ሶፍትዌር የምነግራችሁ በአደባባይ የሚነገር ወሬ አይደለም። ኮምፒውተር ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች እርስ በርሳችን እናወራዋለን፤ አዲስ ገቢ ብቅ ሲል ደግሞ ወሬ እንቀይራለን። ዛሬ ሹክ ልበላችሁ።

የምኖረው ሮዘተንቪል ነው፤ ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በስተደቡብ። ሥራዬ ላፕቶፕና ስልክ መጠገን ነው። ጄፒ በሚባለው የመሀል ከተማ የሐበሻ ገበያ ሱቅ ቆሞ የዋለ ሐበሻ ማታ ወደ ሰፈር ሲመለስ የተሰነጠቀ ስክሪን ወይም «ይጎተትብኛል» ያለውን ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሮጌ ላፕቶፕ የሚያመጣ በዝቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን ድጋፍ ኦክቶበር 14 ላይ አቁሟል፤ አሮጌው ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። ፍላሽ እሰካና በዊንዶውስ ፋንታ ነጻውን ሊኑክስ እጭንላቸዋለሁ። ግማሾቹ ልዩነቱ ሳይገባቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ ፌስቡክ ከከፈተ ምን ቸገራቸው።

አንዱ ግን ጠየቀኝ። ዴልቨርስ መንገድ ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ከሆሳዕና የመጣ፣ እዚያም ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒውተር ጀምሮ ያቋረጠ። ስጭንለት አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና፦ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ በነጻ ነው? ታዲያ ለሠሩት ሰዎች ማን ይከፍላቸዋል?» አለኝ። ጄፒ ሰውን እንዲህ እንዲያስብ ያደርጋል። ዲግሪ ይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ ስለ ነጻነትና ስለ መጋራት የሰሙትን ይደግሙልኛል እንጂ ሒሳቡን አይጠይቁም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 ሄልሲንኪ ላይ ሲጀምረው የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው፣ ለገዛ ራሱ ብሎ። ታሪኩ እውነት ቢሆንም አርጅቷል። ዛሬ ወደ ሊኑክስ ልብ፣ ከርነል ወደሚባለው ክፍል፣ የሚገባውን ኮድ አብዛኛውን የሚጽፉት እንደ ኢንቴል፣ ጉግል፣ ሬድ ሃትና ሁዋዌ ያሉ ኩባንያዎች ደመወዝተኞች ናቸው፤ በሥራ ሰዓታቸው። አይቢኤም በ2019 ሬድ ሃትን ሲጠቀልል የከፈለው 34 ቢሊዮን ዶላር ነው። እኛ ኦፕን ሶርስን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ሶፍትዌር፣ ለሰው ስናስረዳ «ደቦ ማለት ነው» እንላለን። ደቦ ላይ ግን ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ባለማሳውም ጠላውን ጠምቆ ይጠብቃል። እዚህ ማሳው የሁሉም ነው ይባልና እህሉ የሚገባው ትልቅ ጎተራ ላለው ነው። ማማረሬ እንዳይመስላችሁ። ጄፒ የሚቸረቸረው የቴክኖና የአይቴል ስማርት ስልክ ሁሉ አንድሮይድ ነው፤ ከአንድሮይድ ሥር ያለውም ሊኑክስ ነው። አምራቾቹ ከባዶ ቢጀምሩ ኖሮ ያ ስልክ በዚያ ዋጋ አይገኝም ነበር።

ከዚሁ ሰፈር የሚነሳ ነገርም አለ። ሮዘተንቪልን ዜና የሚሰማ ሰው የሚያውቃት በ2017 ፌብሩዋሪ ነው፤ ነዋሪዎች «የአደንዛዥ ዕፅና የሴተኛ አዳሪ ቤት ናቸው» ብለው መኖሪያ ቤቶችን ያቃጠሉ ጊዜ። ያኔ በር ዘግተን ነው ያመሸነው፤ መጤ ላይ እሳት ሲነሳ የቱ ቤት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። ግን ይህቺው ሮዘተንቪል የቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት ሰፈር ነበረች። ኦሊቨር ታምቦ እዚያ ተምሮ እዚያው ሒሳብና ሳይንስ አስተምሯል። ሂዩ ማሴኬላ እዚያ ተማሪ ሳለ ነው ጥሩምባ በእጁ የገባው። የባንቱ ትምህርት ሕግ መጥቶ በ1956 ተዘጋ። ዴዝሞንድ ቱቱም ለቅስና የተማሩት እዚሁ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ነው። ቱቱ በኋላ በዓለም አደባባይ ያስተዋወቁትን ኡቡንቱ (ሰብአዊነት) የሚለውን ቃል ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ለሊኑክሱ መጠሪያ አደረገው።

ሻትልወርዝ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው፤ ዌልኮም የተወለደ፣ ኬፕታውን ያደገ። ታውት የተባለውን የኢንተርኔት ደህንነት ድርጅቱን በ1999 ለቬሪሳይን በ575 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ፤ በ2002 በሩሲያ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ ተመለሰ፤ ከዚያ ኡቡንቱ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኡቡንቱ የጫነ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ ማንዴላ ስለ ቃሉ የሚናገሩበት አጭር ቪዲዮ ያገኝ ነበር። አሁን ሹክሹክታው፦ ስሙ የአፍሪካ ነው፤ ውሳኔው ግን የሚወሰነው ካኖኒካል በሚባለው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ለንደን ነው። ኡቡንቱ ከሥር የተመሠረተበት ዴቢያን በ1993 የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። አዲስ ገቢ እነዚህን ሁለቱን እየቀላቀለ ነው የሚናደደው። ኩባንያውን «ለምን አልተመካከራችሁም» ይለዋል፤ በጎ ፈቃደኛውን ደግሞ «ለምን ትዘገያለህ» ብሎ ይቆጣዋል። ቁጣው ሁለቱም ጋ ያለ ቦታው ነው።

ደግሞ ለእነ ሻትልወርዝ አንድ ነገር ልመስክርላቸው። የአፍሪካ ችግር ዳታ መሆኑ የገባቸው ቀድመው ነው። እስከ 2011 ድረስ ካኖኒካል ኡቡንቱን በሲዲ አድርጎ፣ የፖስታውን ሒሳብ ራሱ ከፍሎ፣ አድራሻ ላለው ሁሉ ይልክ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ የሻትልወርዝ ፋውንዴሽን «ፍሪደም ቶስተር» የሚባል የቆመ ማሽን አቁሞ ነበር፤ ባዶ ሲዲ ይዘህ ትሄዳለህ፣ የምትፈልገውን ገልብጦ ይሰጥሃል። ዛሬ ሲዲውም የለም፣ ማሽኑም የለም፤ ፋይሉ ግን ብዙ ጊጋባይት ሆኗል። በዳታ ለሚኖር ሰው «በነጻ አውርድ» ማለት ቀልድ ነው። የኔ ፍላሽ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ለዚህ ነው።

የሆሳዕናውን ልጅ ያስደነቀው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። አገር ቤት ጤና ጣቢያ የምትሠራ እህት አለችው፤ በየወሩ ሪፖርት የምታስገባበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ነው። አፓርታይድ ሲወድቅ በ1990ዎቹ ኬፕታውን ላይ ተጀመረ፤ ኋላ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አሳደገው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ፋይዳ መታወቂያችንም ሞሲፕ በሚባል ሕንድ አገር በተሠራ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። ልጁ ስልኩን አንስቶ ወዲያው እህቱ ጋ ደወለ። እሷ የምታውቀው ኔትወርክ ሲጠፋ ሪፖርቱ እንደማይገባ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አዲስ ገቢን በጣም የሚፈልጉት የፕሮጀክት ጠባቂዎች ራሳቸው ናቸው በጣም የሚጠረጥሩት፤ ጥርጣሬያቸው ደግሞ ምክንያት አለው።

ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ፤ በየሰርቨሩ ያለ፣ ማንም ግን ስሙን የማያነሳው። ሲይዘው የኖረው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው ነው፤ ያለ ክፍያ። በ2021 አካባቢ ጂያ ታን በሚል ስም አዲስ ገቢ መጣ። ትሑት፣ ታታሪ፣ ሥራ የማያጓትት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌሎች ስሞች ብቅ ብለው ኮሊንን ይወተውቱት ጀመር፤ ዘገየህ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ እያሉ። ኮሊን የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረው፣ ሥራውም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ መሆኑን በግልጽ ጽፎ ነበር። ልባቸው አልራራም። ቀስ በቀስ ቁልፉ ለጂያ ታን ተሰጠ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ያ ታታሪ እንግዳ በአዲሱ እትም ውስጥ የኋላ በር ቀበረ፤ ቢሳካለት ኖሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰርቨር ይከፈትለት ነበር።

ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ሰርቨሩ ላይ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት፤ ሌላው ሰው «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር፣ እሱ ግን ገመዱን እየተከተለ ሥሩ ድረስ ወረደ። ማርች 29 ላይ ለዓለም ነገረ። ጂያ ታን ማን እንደሆነ፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ በይፋ የታወቀ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የፕሮጀክት ጠባቂዎች ዓይን ተቀይሯል። ስሙን የማያውቁት ሰው «ልርዳችሁ» ሲል በፊት ደስ ይላቸው ነበር፤ አሁን ወደ ኋላ ሄደው ታሪኩን ይፈትሻሉ። እኔ ይህን ስሰማ አልገረመኝም። ከ2008 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ሱቅ በተዘረፈ ቁጥር፣ ጥፋቱን ባንሠራውም፣ ሳምንት ሙሉ እንደ ጥፋተኛ ስንታይ ከርመናል። አንዱ መጤ ባጠፋው ሌላው የሚጠየቅበትን አገር እናውቀዋለን። ልዩነቱ ክፍት ሶፍትዌሩ ጋ ጠባቂው ብቻውን፣ ደክሞት፣ ደመወዝ ሳይኖረው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በጠባቂው አልፈርድም። መንግሥታትም እጃቸውን አስገብተዋል። በ2024 ኦክቶበር ከማዕቀብ ጋር በተያያዘ ጥቂት ሩሲያውያን ከከርነሉ ኃላፊዎች ዝርዝር ላይ ስማቸው ተሰርዟል፤ ድንበር የለውም ሲባል የኖረው ቤት ፓስፖርት ጠየቀ።

ስለ ክፍት ሶፍትዌር ሰፈር አመልም ልናገር። ቶርቫልድስ ራሱ የሰው ሥራ ላይ የሚጽፈው ስድብ ዝነኛ ነበር፤ በ2018 ሴፕቴምበር ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ዞር ብሏል፤ የሥነ ምግባር ደንብም ወጣ። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል። ዝምታው ግን አለ፤ አዲስ ገቢን የሚገድለውም ዝምታው ነው። የላክኸው ሥራ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ከሰደቡህ ቢያንስ አንብበውታል።

ታዲያ በየት ይገባል? ሁሉም የሚጋፋው ፊት ለፊት ነው፤ ኮድ ልጻፍ ይላል። ጓዳው ግን ባዶ ነው፤ ቋንቋ፣ የቁልፍ ሰሌዳ፣ መመሪያ፣ ስህተት አጣርቶ መዘገብ። የአማርኛን ታሪክ እዩት። የድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው ለፊደሉ የራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤህ የጉንዳን ሠራዊት ይሆናል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ሴራ የሚባለውን፣ ግዕዝን በላቲን ቁልፍ የመጻፊያ ሥርዓት አበጁ። ኢማክስ የሚባለው ክፍት የጽሕፈት ፕሮግራም ጃፓን ውስጥ በተሠራ ሥራ አማካይነት በ1997 ግዕዝን ሲቀበል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ገና አልደረሰልንም ነበር፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬም ኢማክስን ከፍቶ የሰላምታ ገጹን የጠራ ሰው ከዓለም ቋንቋዎች መሀል «ሠላም» የሚለውን ያገኛል፤ በንጉሡ ሠ።

ላፕቶፕ ላይ አማርኛ የምጭነው እስካሁን በዚያው በሴራ ነው። ትንሹን ‹ቲ› ስትነካ ት፣ ትልቁን ስትነካ ጥ ይሆናል፤ ትንሹ ‹ሲ› ች፣ ትልቁ ጭ። ልጁ ማታ ላይ ለመደው፤ በነጋታው ለእናቱ ደብዳቤ በሚያህል ርዝመት ቴሌግራም ጻፈ።

ክፍያ የሚያስገኙ በሮችም አሉ፤ ሰው እየሰማቸው ያልፋል። የጉግል የበጋ ኮድ ፕሮግራም ከ2022 ጀምሮ ተማሪ ብቻ የሚለውን ትቶ ለኦፕን ሶርስ አዲስ የሆነን፣ 18 ዓመት የሞላውን ሁሉ ይቀበላል። አውትሪቺ የሚባለውም በየአካባቢው ተገፍተው ለቆዩ ሰዎች ለሦስት ወር እየከፈለ ያሠራል። ሁለቱም በምትኖርበት አገር የመሥራት መብት አለህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ እዚህ አገር ላለን ሰዎች ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለቱም ጋ ከመመረጥ በፊት ትናንሽ ሥራ ሠርቶ መታየት ይጠቅማል።

ልጁ የአንድ ክፍት የጽሕፈት ፕሮግራም አማርኛ ትርጉም ላይ ሊጀምር ቆረጠ። አካውንት ሲከፍት፦ «ጋሼ፣ ስሜን ማን ልበል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ጄፒ አንድ ስም ይዞ የሚኖር የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ፊደሉ ተዛብቶ የተጻፈ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው፤ ደንበኞቹ ደግሞ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት። የፈለግኸውን ያዝ፣ ከያዝከው በኋላ ግን አትቀይር፤ ከጂያ ታን ወዲህ የሚያዩት ስሙ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ነው አልኩት። እናቱ የምትጠራውን በግዕዝ ፊደል አስገባ። ሥራውን ልኮ ቆይቶ ቆይቶ፣ ከየት አገር እንደሆነ ከማናውቀው አራሚ መልስ መጣ። ስለ ስሙ አንድም ቃል የለበትም። ሦስተኛው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዙ የእንግሊዝኛው ነው፣ በአማርኛው ቀይረህ መልሰህ ላክ ይላል።