ከቦርዱ በፊት ጫማው



በየዓመቱ ከመካከላችን ተሰናብተው ከናይሮቢ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ ልጆች አሉን። አንዳንዶቹ ወደ ካልጋሪና ዴንቨር፣ ሌሎቹ ወደ ኦስሎና ስቶክሆልም ያቀናሉ። ስንሸኛቸው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ ብርዱ እንመክራቸዋለን። እዚያ ደርሰው የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ደግሞ እንዲህ የሚል ጥያቄ ይልኩልናል፦ «ክፍላችን ወደ በረዶ ተራራ ሊሄድ ነው፤ ጓደኞቼ ሁሉ ስኖውቦርድ አላቸው፤ እኔስ የትኛውን ልግዛ?»

ጥያቄው የጨዋታ ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ቤት ኪራይና የክረምት ልብስ ላስጨነቀው አዲስ ገቢ ቤተሰብ የአንድ ልጅ ሙሉ ዕቃ ከባድ ወጪ ነው። በማይሆን ዕቃ የጀመረ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እግሩ ቆስሎ ወይም እጁ ተሰብሮ ይመለሳል፤ ከዚያም ጓደኞቹ ሲጫወቱ እሱ ክረምቱን ሙሉ ዳር ይቀመጣል። ስለዚህ ሄዳችሁ ለምትጠይቁንም፣ ገና ለምትሄዱትም፣ ዘመድ ላላችሁ ወላጆችም የምናውቀውን እዚህ ላይ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ነገሩ ምንድን ነው?

እኛ በረዶ ስንል አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠጠር ቆርቆሮ የሚደበድበውን ማለታችን ነው። እዚያ የሚወርደው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ ነው፤ ተዳፋት ላይ ሲከመርና ሲጠቀጠቅ መንሸራተቻ ይሆናል። ስኪ በሁለት ቀጫጭን ጣውላዎች ፊት ለፊት እያዩ የሚሄዱበት ነው። ስኖውቦርድ ግን ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰፊ ቦርድ ላይ ታስረው በጎን ቆሞ የሚሄዱበት ነው።

የአሁኑ ቦርድ አንዱ መነሻ የአንድ አባት ብልሃት ነው። ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 በሚሺጋን ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ብሎ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያያዛቸው። ጨዋታው አድጎ እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። በዚያው ናጋኖ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በአገር አቋራጭ ስኪ ተሰልፏል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን በሮቤል ተክለማርያም አማካይነት በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወክላለች። ስለዚህ ልጆቻችን በረዶ ላይ ቢታዩ የሚያስገርም ነገር የለውም።

መጀመሪያ ቦት ጫማው

ልጆች ሱቅ ሲገቡ ዓይናቸው የሚያርፈው በቦርዱ ሥዕልና ቀለም ላይ ነው። ገንዘቡም እዚያው ያልቃል፤ ለጫማው የሚተርፈው ትርፍራፊ ይሆናል። እኛ የምንመክረው ግን በተቃራኒው ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው ከእግር እንጀምር። ቦርዱን የሚያዘው እግር ነው፤ የእግርን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ደግሞ ጫማው ነው። እግር ጫማው ውስጥ የሚዋኝ ከሆነ ውድ ቦርድም አይታዘዝም።

ልክነቱ እንዲህ ይፈተናል። ጫማውን አጥብቃችሁ አስራችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእግር ጣቶች ጫፉን በስሱ ይነካሉ። ጉልበታችሁን ስታጥፉ ጣቶቹ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ተረከዝ ግን ከቦታው መነሳት የለበትም። ተረከዝ ከተነሳ ጫማው ሰፍቷል፤ ጣቶች ከታጠፉ ወይም ከደነዘዙ ጠቧል። ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አድርጋችሁት ቆዩ፤ ያን ጊዜ የሚቆረቁር ጫማ ተራራው ላይ ያስለቅሳል።

እዚህ ላይ ለወላጆች የምንለው አለን። የደንብ ልብስና ጫማ ስንገዛ «ሲያድግ ይደርስበታል» ብለን አንድ ቁጥር ጨምረን መውሰድ የቆየ ልማዳችን ነው። ለትምህርት ቤት ጫማ ብዙም አይጎዳም፤ ለዚህ ግን አይሆንም። የጫማው የውስጥ ሽፋን ሲለበስ ስለሚጠቀጠቅ ጫማው በራሱ ይሰፋል። ካልሲ መደራረብም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ካልሲ እግርን አጨናንቆ የደም ዝውውርን ስለሚገታ ይበልጥ ያበርዳል። አንድ የሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ሰው ሠራሽ ካልሲ ይበቃል። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቀዘቅዝ አይመረጥም።

ጫማዎቹ በተራ ክር፣ በአንድ ጊዜ በሚሳብ ክር ወይም በሚሽከረከር ቁልፍ ይታሰራሉ። ለጀማሪ ከአስተሳሰሩ ይልቅ ጫማው ለስለስ ብሎ ቁርጭምጭሚትን የሚያጥፍ መሆኑ ይበልጣል።

ቀጥሎ ማሰሪያው

ባይንዲንግ የሚባለው ማሰሪያ ጫማውን ከቦርዱ ጋር ያያይዛል። ቦርዱ ላይ በብሎን የሚታሰር መቀመጫ፣ ከባት በታች የሚደግፍ የኋላ መደገፊያ፣ እንዲሁም የቁርጭምጭሚትና የጣት ቀበቶዎች አሉት። መጠኑ የሚመረጠው በጫማው ቁጥር ነው፤ ስለዚህም ጫማው ይቀድማል። ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኖቹ ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር መግጠማቸውን ጠይቁ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር አይገጥምም። ያለ ቀበቶ ተረግጠው የሚቆለፉት ዓይነቶች ደግሞ የራሳቸውን ጫማ ይፈልጋሉ።

የትኛው እግር ይቅደም? ተማሪዎች፣ በካልሲ ሮጣችሁ በለሰለሰ ወለል ላይ ስትንሸራተቱ ሳታስቡት ወደፊት የምታደርጉት እግር ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ግራው ከቀደመ «ሬጉላር»፣ ቀኙ ከቀደመ «ጉፊ» ይባላል፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። የሁለቱ እግሮች ርቀት ከትከሻ ስፋት ጥቂት ሰፋ ይላል፤ ሁለቱም እግሮች በመጠኑ ወደ ውጭ ዞረው ቢታሰሩ ለጀማሪ ጉልበት ይመቻል።

በመጨረሻ ቦርዱ

ብዙዎች ቦርድን አገጭና አፍንጫ መካከል የሚደርስ ብለው በቁመት ይመርጣሉ። ለመነሻ ይረዳል፤ ዋናው መለኪያ ግን የሰውነት ክብደት ነው፤ ቦርዱን በረዶው ላይ የሚጫነው እሱ ነውና። ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ ከ145 እስከ 152 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለውን ማየት ይችላል። እያንዳንዱ አምራች የራሱ የክብደት ሠንጠረዥ ስላለው እሱን አንብቡ። ጀማሪ ከተፈቀደለት ውስጥ አጠር ያለውን ቢወስድ መዞር ይቀልለዋል።

ስፋቱንም አትርሱ። ጫማው ከቦርዱ ጠርዝ በሁለቱም በኩል ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ችግር የለውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሲያዘነብሉ በረዶውን እየጫረ ይጥላል። ትልቅ እግር ያለው ሰው «ዋይድ» የሚባለውን ሰፊ ቦርድ ይጠይቅ።

ጀማሪን ክፉኛ የሚጥለው በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ሳይታሰብ በረዶውን ሲነክስ ነው። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት መሐሉ ወደ ላይ የሚቀስት ቦርድ በፍጥነት ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ግን ለስሕተት ምሕረት የለውም። መሐሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፎቹ ቀደም ብለው የሚነሱት ለጀማሪ ይታገሣል። ለስላሳነቱም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 10 በቁጥር ይጻፋል፤ ከ2 እስከ 4 ያለው ለመማር ይበቃል። ቁጥሩ ግን አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ስለሆነ የአንዱን ከሌላው ጋር አታወዳድሩ።

መግዛት ወይስ መከራየት?

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ተከራዩ። ለሚያድግ ልጅ ደግሞ በብዙ ቦታ ለአንድ ክረምት ተከፍሎ በጸደይ የሚመለስ ኪራይ አለ። መግዛት የሚሻ ጫማውን በልኩ አዲስ ይግዛ፤ ቦርዱ ያገለገለ ቢሆን አያሳፍርም። የብረት ጠርዙ አለመሰንጠቁንና ሥሩ በጥልቅ አለመፋቁን ብቻ ይመልከት። ሄልሜት ግን ያገለገለ አትግዙ፤ የደረሰበት ምት በዓይን ላይታይ ይችላልና። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ የእጅ አንጓ ስብራት በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው። ስለዚህ የአንጓ መከላከያ ለቦርዱ ሥዕል ከሚወጣው ጭማሪ ገንዘብ ይበልጥ ይጠቅማል። የመጀመሪያውንም ትምህርት ከአሠልጣኝ ውሰዱ።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ የጓደኛችሁ ቦርድ የጓደኛችሁ ክብደትና እግር ልክ ነው። እናንተ የራሳችሁን ልክ ይዛችሁ ግቡ፤ ለሻጩም ጀማሪ መሆናችሁን ሳታፍሩ ንገሩት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ዕቃ ሲጠይቅ «ቅንጦት ነው» ብላችሁ ከመዝጋት ወይም ሁሉንም ከመግዛት በፊት እግሩን ለኩ፣ ተከራዩለት፣ አንድ ክረምት እዩት። በሰላም ውጡ፣ በሰላም ውረዱ፤ ከተራራው ፎቶግራፍ ስትልኩልን በሚቀጥለው መጽሔታችን ቦታ አናጣለትም።