በጠረጴዛ ልብስ የተጀመረ እህትማማችነት



ዛሬ በርካታ ከተሞች በባሕር ማዶ «እህት ከተማ» አሏቸው። ከንቲባዎች ይፈራረማሉ፤ ተማሪዎችና ልዑካን ይመላለሳሉ። ይህ ወዳጅነት ከየት ይጀምራል? ለሚለው ጥያቄ ከቀደምቶቹ የአንዱን ታሪክ እነሆ እናቀርብላችኋለን። ዘመኑ የተቆጠረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች በእንግሊዝ አገር የምትገኘውን ኮቨንትሪን በቦምብ ደበደቡ። ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ፤ የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራልም ተቃጥሎ ግድግዳውና ማማው ብቻ ቀሩ።

በ1942 ደግሞ ተራው የሶቪየት ኅብረት ከተማ የስታሊንግራድ ሆነ። ውጊያው እስከ ፌብሩዋሪ 1943 ቆይቶ ከተማይቱን አወደማት። የኮቨንትሪ ሰዎች ይህን ሲሰሙ መከራው ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም። የ830 ሴቶች ስም የተጠለፈበት የጠረጴዛ ልብስ አዘጋጅተው፣ ከየኪሳቸው ካዋጡት ጥቂት ገንዘብ ጋር ላኩ። ጥቂት እርዳታ ከብዙ የሐዘኔታ ቃል እንደሚሻልም በጨርቁ ላይ ጠለፉበት። በ1944 ሁለቱ ከተሞች እህትማማች ሆኑ።

የተጎዳ ለተጎዳ ማዘኑ አያስደንቅ ይሆናል። ኮቨንትሪ ግን ከዚያም አለፈች። የካቴድራሉ አለቃ ሪቻርድ ሃዋርድ ገና በ1940 የገና በዓል፣ ከፍርስራሹ መካከል በሬዲዮ ሲናገሩ፣ ሕዝቡ የበቀልን ሐሳብ እንዲያስወግድ ለመኑ። በ1959 ኮቨንትሪ በ1945 በእንግሊዝና በአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተቃጠለችው የጀርመን ከተማ ከድሬስደን ጋር እህትማማች ሆነች። በ1965ም እንግሊዛውያን ወጣቶች ወደ ድሬስደን ሄደው በጦርነቱ የፈረሰውን የዲያቆናዊት እህቶች ሆስፒታል መልሶ በመሥራት አገዙ።

እህትማማችነት ፈተናም አለው። ስታሊንግራድ ከ1961 ወዲህ ቮልጎግራድ ተብላለች። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የኮቨንትሪ ምክር ቤት ግንኙነቱ ለጊዜው እንዲቆም አደረገ። ምክር ቤት የሚያጸድቀውን ምክር ቤት ሊያቆመው ይችላል። እነዚያ 830 ስሞች ግን ከጨርቁ አልተፈቱም።

ውድ ወዳጆች፣ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ እነዚያ ሴቶች የሰጡት ከተረፋቸው አልነበረም። የራሳቸው ከተማ ገና አልተጠገነችም ነበር። ስለዚህ ስጦታው ሲደርስ ሰጪና ተቀባይ እኩያሞች ነበሩ። እኛም የሩቅ ማኅበረሰብን ለመርዳት ስንነሣ «ምን እንላክላቸው?» ከማለታችን በፊት «ምን የጋራ ነገር አለን?» ብለን እንጠይቅ።