ለተራቆተ የወንዝ ዳርቻ የቃጫ ምንጣፍ

የናይሮቢን መሃል ከተማ ታክኮ የሚያልፈው የናይሮቢ ወንዝ በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ሞልቶ ከዳርቻው ወጥቶ ነበር፤ በገባሩ በማታሬ ወንዝ ዳር የነበሩ ቤቶችንም ጎርፉ ጠርጎ ወስዷል። በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሣር ቢዘራ፣ ሥር ሳይሰድ ቀጣዩ ዝናብ ዘሩን ከነአፈሩ ያጥበዋል። ስለዚህም ተዳፋቱን ከቃጫ ወይም ከኮኮናት ልጣጭ ጭረት በተሠራ ምንጣፍ ማልበስ ይገባል። ምንጣፉ የዝናቡን ጠብታ ምት ያበርዳል፤ እርጥበትም ይይዛል፤ ሣሩ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መበስበሱ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ በዚያን ጊዜ አፈሩን ሥሩ ተረክቦታልና። ኬንያ ደግሞ ራሷ ቃጫ አምራች ናት፤ ኮኮናትም በባሕር ጠረፏ ይበቅላል። ሆኖም ወራጁ ውኃ በቀጥታ የሚመታው የዳርቻው እግር ድንጋይ ይሻል። ምንጣፉም በካስማ ካልተቸነከረና የላይኛው ጫፉ በቦይ ካልተቀበረ፣ ውኃ ከሥሩ ገብቶ ይነቅለዋል።