ብሔር ማለት ምድር ነበር

ያውቁ ኖሯል?

«ስሜን» በጥንቱ ግእዝ «ደቡብ» ማለት እንደነበር ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። አክሱም ላይ ሆኖ ለሚያይ የስሜን ተራሮች በስተደቡብ ናቸዋ። ጎንደር ላይ ለቆመ ደግሞ ሰሜን ሆኑ። ተራራው ንቅንቅ አላለም።

«ብሔር» በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ እግዚአብሔርም የዓለም ጌታ። እንግዲህ ከሊማሊሞ ቁልቁል ወርደው አንድ አዛውንት «ብሔርዎ ማነው?» ቢሏቸውና የአገራቸውን ስም «ድብ ባሕር» ብለው ቢመልሱ፣ በግእዙ ሚዛን ልክ ናቸው። የሚቸገረው የቀበሌ መታወቂያ የሚሞላው ጸሐፊ ነው። ቃሉ የዛሬውን ፖለቲካዊ ትርጉም ይዞ የተስፋፋው በ1960ዎቹ በተማሪዎች ንቅናቄ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ደግሞ «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» ለሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ትርጉም ብቻ ይሰጣል፤ ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. ከጻፈው ጋር ቢያስተያዩት ዝምድናው አይሰወርዎትም።

«ሴማዊ» የሚለው የቋንቋዎች መጠሪያስ? ጀርመናዊው ሽሎዘር በ1781 እ.ኤ.አ. ከኖኅ ልጅ ከሴም ስም ያወጣው ነው። ክፍል ውስጥ «አማርኛ ሴማዊ፣ አገውኛ ኩሻዊ» እያልን ለፈተና የሸመደድነው የቋንቋ ነገር ነበር፤ ከክፍል ስንወጣ የደም አደረግነው። በነገራችን ላይ፣ የአማርኛውን «ዶሮ» የቋንቋ አጥኚዎች ከአገው የመጣ ቃል ይሉታል። ግሥን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ማስቀመጣችንንም ከኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ያያይዙታል።

«አማራ» የሚለው ስምም ቢሆን በጎንደር ዙሪያ በአያቶቻችን አፍ ብዙ ጊዜ «ክርስቲያን» ማለት ነበር።

ከስሜኗ ከተማ ከደባርቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ጭልጋና ላይ አርማጭሆ፣ የቅማንት ሰዎች ይኖራሉ። በ1987ቱ ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ተብለው ተመዘገቡ፤ አፍ መፍቻዬ ቅማንትኛ ነው ያሉት ግን 2 ሺህ እንኳ አልሞሉም። ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ትምህርት ቤቱም አማርኛ ሆኖ ቋንቋው ከአዛውንቶች ጋር ቀረ፤ ስሙ ግን አልሄደም። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ «ቅማንት» ከብሔረሰቦቹ ዝርዝር ወጣ። ያኔ ሰው ራሱን በምን እንዳስመዘገበ ያስቡት።

መጠሪያ ባሕር ሲሻገርም ይለወጣል፤ ደባርቅ ላይ «ቀይዋ» እየተባለች ያደገች ልጅ ዋሽንግተን ስትገባ «ጥቁር» ትሆናለች። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በምሳሌነት የታተመው «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር ነው።